ምሥጢሩ የታወቀ ታሪክ ስለ ምን ይደገማል?

ማታ ማታ በእሳት ዙሪያ የተቀመጡ ልጆች «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ፥ የጨዋታው ጣዕም መልሱ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ተቀብሎ ጥቂት ከተዝናና በኋላ መልሱን ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ያ እንቆቅልሽ በእነዚያው ልጆች ፊት ቢቀርብ «የታወቀ ነው» ተብሎ ይጣላል። በዚያው ምድጃ ዙሪያ ግን ሌላ ነገር እናያለን። አያት ተረት ነግረው ሲጨርሱ፥ ልጆቹ አዲስ ተረት በመጠየቅ ፈንታ ያንኑ የሰሙትን «ይድገሙልን» ብለው ይለምናሉ። የቀበሮዋን ተንኰልና የአንበሳውን መታለል አስቀድመው ያውቁታል፤ ማወቃቸውም ደስታቸውን አይቀንሰውም። እንግዲህ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ከሚነገሩት ከሁለቱ ነገሮች አንደኛው ሲታወቅ የሚሞት፥ ሁለተኛው ሲታወቅ ይበልጥ የሚወደድ የሆነበት ምክንያት ምንድር ነው?

ይህ ጥያቄ የልጆች ጥያቄ ቢመስልም በዘመናችን ብዙ ዐዋቂዎችን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራው የቪዲዮ ጨዋታ ከተፈለሰፈ ወዲህ፥ ከጨዋታው ዓይነቶች አንዱ ታሪክ የሚናገረው ሆኗል። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ተጫዋቹ እንደ ልብ ወለድ አንባቢ ገጽ እየገለጠ የደራሲውን ፈቃድ ብቻ የሚከተል አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች የአንዱን ቦታ ይዞ የሚናገረውንና የሚሄድበትን ይመርጣል። ከእነዚህም መካከል ሞት፥ የሙታን መንፈስና ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ የሆነ ነገር የሚገኝባቸው የምሥጢር ታሪኮች ብዙ ወዳጅ አፍርተዋል። ነገር ግን ምሥጢር አንድ ጊዜ ከተገለጠ ምሥጢር መሆኑ ይቀራል። ታዲያ ተጫዋቹ ፍጻሜውን ካየ በኋላ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጫወተው ስለ ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የደከሙትን ሰዎች ሥራ በዚህ ጽሑፍ በተራ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። የጨዋታዎቹንም ምሥጢር ሳንሸሽግ ስለምንናገር፥ ራሱ ሊጫወት ያሰበ አንባቢ ይህን ዐውቆ ያንብብ።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ መነሻ ሆኖ የሚቈጠረው ዊል ክራውዘር የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ የሠራው ነው። ክራውዘር ዋሻ መመርመር የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፥ በኬንታኪ የሚገኘውን ማሞዝ ኬቭ የተባለውን ታላቅ ዋሻ በእግሩ ያውቀው ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዚህኑ ዋሻ መልክ በቃላት ብቻ የሚገልጽ ጨዋታ ጻፈ፤ በ1977ም በስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ ብዙ ነገር ጨመረበት። ስሙ ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር ይባላል። ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረበትም። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግረዋል፤ ተጫዋቹም አንድ ወይም ሁለት ቃል ጽፎ ትእዛዝ ይሰጣል። የጨዋታው ቁም ነገር መንገዱንና ሀብቱን ማግኘት ስለ ነበረ፥ መንገዱ ሁሉ ከተገኘ በኋላ ለተጫዋቹ የሚቀረው ጥቂት ነበር።

በ1980 ሮበርታ ዊልያምስ የተባለች አሜሪካዊት ከባልዋ ከኬን ዊልያምስ ጋር ሚስትሪ ሀውስ የተባለውን ጨዋታ አፕል ቱ ለተባለው ኮምፒዩተር አወጣች። አሳቡን ያገኘችው ከአጋታ ክሪስቲ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች ተራ በተራ ሲገደሉ፥ ተጫዋቹ ገዳዩን ማግኘት አለበት። በዚህ ጨዋታ ከጽሑፉ ጋር በመስመር የተሣሉ ሥዕሎች ስለ ገቡበት፥ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ሥዕልን ያስተዋወቀ ተብሎ ይነገርለታል። ይሁን እንጂ ሥዕል መጨመሩ ከላይ ያነሣነውን ጥያቄ አልመለሰውም። ገዳዩ አንድ ጊዜ ከታወቀ ቤቱ የሚያስፈራ መሆኑ ያከትማል።

የችግሩ ጥልቀት ከሁሉ ይልቅ የታየው በጃፓን አገር ነው። በ1983 ዩጂ ሆሪ የተባለው ደራሲ በኤኒክስ ኩባንያ በኩል የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ የሚባለውን ጨዋታ አወጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በኮቤ ከተማ ሲሆን፥ የአንድ ገንዘብ አበዳሪ ኩባንያ አለቃ ከውስጥ በተቈለፈ ክፍል ሞቶ ይገኛል። ተጫዋቹ መርማሪ ፖሊስ ነው፤ ግን ራሱ አይታይም። «ጠይቅ፥ ፈትሽ፥ ጥራ» እያለ ረዳቱን ያሱን ያዛል፤ ያሱም በትሕትና እየታዘዘ ሥራውን ይሠራል። በመጨረሻ ግን ገዳዩ ራሱ ያሱ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ጨዋታ በ1985 ፋሚኮም ለተባለው የቤት ውስጥ መጫወቻ ተዘጋጅቶ ከወጣ በኋላ በጃፓን ሕዝብ ዘንድ እጅግ ታወቀ። ከዚህም የተነሣ «ገዳዩ ያሱ ነው» የሚለው አነጋገር ጨዋታውን ባልተጫወቱት ሰዎች አፍ እንኳ የሚዘወተር ሆነ። አንድ ዓረፍተ ነገር የብዙ ሰዓት ምርመራን ዋጋ አሳጣ ማለት ነው። ሆኖም ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ሰው ሌላ ትምህርት አለበት። ምሥጢሩን ዐውቆ ዳግመኛ የሚጫወት ሰው፥ ያሱ ትእዛዙን በፈጸመ ቍጥር የሚያየው በፊት ያላየውን ነው። ታዛዡ እጅ የገዳይ እጅ መሆኑን ያውቃልና። መልሱ ከታወቀ በኋላ የሚጀምር ሌላ ታሪክ እንዳለ የሚያመለክት ጭላንጭል በዚህ ጨዋታ ውስጥ ነበረ፤ ደራሲው ግን በዚያ መንገድ ገፍቶ አልሄደም።

በዚያው ዘመን የመጽሐፍ ደራሲዎችም ይህንኑ ይፈትኑ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፓካርድ በ1979 የጊዜ ዋሻ የሚባለውን የልጆች መጽሐፍ አሳተመ። አንባቢው በየገጹ ግርጌ ከሚቀርቡለት ምርጫዎች አንዱን ወስዶ ወደ ተነገረው ገጽ ይዘላል፤ ስለዚህም አንዱ መጽሐፍ ብዙ ፍጻሜ አለው። ልጆችም አንዱን ፍጻሜ ካዩ በኋላ ሌላውን ለማየት ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሱ ነበር። ይኸውም ለጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ ሆነ፦ ታሪኩ ከአንድ በላይ ፍጻሜ ካለው ይደገማል።

ይህን መልስ ወደ ቪዲዮ ጨዋታ አምጥቶ ያሳደገው ቹንሶፍት የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። በኮይቺ ናካሙራ የሚመራው ይህ ኩባንያ በ1992 ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው መጫወቻ ኦቶጊሪሶ የተባለ ጨዋታ አቀረበ። ስሙ የአንድ ዕፅ ስም ነው። አንድ ወጣትና ወዳጁ መኪናቸው ተበላሽቶባቸው በጫካ ውስጥ ወዳለ አሮጌ ቤት ይገባሉ፤ በዚያም የሚያስደነግጥ ነገር ያጋጥማቸዋል። አቀራረቡ ግን ፈጽሞ አዲስ ነበር። ጽሑፉ በሥዕሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይፈስሳል፤ የዝናብና የበር ድምፅ ከሙዚቃ ጋር ይሰማል፤ ተጫዋቹም አልፎ አልፎ ከሁለት ወይም ከሦስት ምርጫ አንዱን ይወስዳል። አንድ ጊዜ ጨርሶ እንደ ገና ሲጀምር በፊት ያልነበሩ ምርጫዎች ይከፈቱለታል፤ ያው ቤትና ያው ሰዎች ሌላ ታሪክ ይሆኑበታል።

ኩባንያው በ1994 ያወጣው ካማይታቺ ኖ ዮሩ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነበር። ካማይታቺ በጃፓን ተረት በነፋስ ላይ እየተጫነ የሰውን ገላ እንደ ማጭድ የሚቈርጥ ፍጡር ነው፤ ዮሩ ማለትም ሌሊት ነው። ጽሑፉን የጻፈው ታኬማሩ አቢኮ የተባለው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ነው። በበረዶ ተከብቦ መውጫ በጠፋበት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል። ሰዎቹ ሁሉ በሰማያዊ ጥላ ብቻ ስለሚታዩ ፊታቸው አይለይም። ተጫዋቹ ቶሎ አስቦ ገዳዩን በስሙ ካልጠራው፥ ግድያው ይቀጥልና ማረፊያው በሬሳ ይሞላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ገዳዩን ከማወቁ በፊት ደጋግሞ ይወድቃል፤ ከየውድቀቱም አንድ ነገር ይማራል። ምሥጢሩ ከተፈታ በኋላም ነገሩ አያበቃም፤ በዚያው ማረፊያ የሰላዮች ታሪክና የክፉ መንፈስ ታሪክ የሚሆኑ ሌሎች መንገዶች ይከፈታሉ።

እዚህ ላይ ለአስተማሪዎችና ለተማሪዎች ሊጠቅም የሚችል አንድ የሒሳብ ነገር እናንሣ። ደራሲው በየጊዜው ሁለት ምርጫ ቢሰጥና እያንዳንዱ ምርጫ ለብቻው መንገድ ቢሆን፥ ከ10 ምርጫ በኋላ 1,024 መንገዶች ይኖራሉ፤ ከ20 ምርጫ በኋላ ደግሞ 1,048,576 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ጽፎ የሚጨርስ ሰው የለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የተለያዩትን መንገዶች ጥቂት ካስኬዱ በኋላ እንደ ወንዝ ገባሮች መልሰው ያገናኟቸዋል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹ የተናገረውን መዝግቦ ይይዝና በሌላ ቦታ አንዲት ቃል፥ አንድ ፊት ማዞር፥ አንድ ይቅርታ እንዲለወጥ ያደርጋል። የዚህ ጥበብ ዋናው ነገር የመንገዱ ብዛት ሳይሆን ማስታወስ ነው ብንል አንሳሳትም።

ማስታወስ የሚለውን ነገር የታሪኩ ሕግ እስከ ማድረግ ያደረሰው ኮታሮ ኡቺኮሺ ነው። በ2009 በቹንሶፍት በኩል ያወጣው ጨዋታ ስሙ ዘጠኝ ሰዓት፥ ዘጠኝ ሰዎች፥ ዘጠኝ በሮች ይባላል። ዘጠኝ ሰዎች ተጠልፈው በመርከብ ውስጥ ራሳቸውን ያገኙታል፤ ለመውጣትም ያላቸው ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ጨዋታው ስድስት ፍጻሜዎች ሲኖሩት፥ እውነተኛው ፍጻሜ የሚከፈተው ተጫዋቹ አስቀድሞ ሌላ የመከራ ፍጻሜ ካየ ብቻ ነው። በአንዱ መንገድ የተገኘው ዕውቀት፥ ጊዜን ተሻግሮ በሌላው መንገድ ላለው ወጣት ይደርሰዋል። ያ ወጣት ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ያውቃል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ያውቃልና። በዚህ ጊዜ መድገም ከታሪኩ ውጭ የሚደረግ ነገር መሆኑ ቀርቶ የታሪኩ አካል ሆነ።

ከዚህ በኋላ ወደ አሜሪካ እንመለሳለን። ሾን ክራንከልና አዳም ሃይንስ የተባሉ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች በካሊፎርኒያ ናይት ስኩል ስቱዲዮ የተባለውን አነስተኛ ኩባንያ አቋቁመው፥ በጥር ወር 2016 ኦክሰንፍሪ የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ቃሉ የተወሰደው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ የተደበቁት ያለ ፍርሃት እንዲወጡ ከሚጠሩበት ጩኸት ነው። ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ምሥጢር ከሚነገርባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ለጥያቄያችን የጠለቀውን መልስ የሰጠው ይህ ነው ብለን ስለምናምን፥ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቈያለን።

አሌክስ የተባለች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጓደኛዋ ከሬንና ገና ከተዋወቀችው የእንጀራ ወንድሟ ከጆናስ ጋር በመርከብ ወደ ኤድዋርድስ ደሴት ትሄዳለች። በዚያም ኖናና ክላሪሳ የተባሉ ሁለት ልጃገረዶች ይጠብቋቸዋል። ደሴቲቱ ቀድሞ የጦር ሠፈር ነበረች፤ አሁን ሰው የለባትም። አሌክስ በያዘችው አነስተኛ ራዲዮ በዋሻ ውስጥ ጣቢያ ስትፈልግ፥ ያልታሰበ ድምፅ ይያዝና አየሩ እንደ በር ይከፈታል። የሚናገሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካናሎአ በተባለች ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። መርከቧ በተሳሳተ መልእክት ምክንያት በራሷ ወገን ተመትታ ነበር። ሰዎቹ እንደ ሞቱ ቢታመንም ከጊዜ ውጭ ተይዘው ቀርተዋል፤ መመለስ የሚፈልጉትም በወጣቶቹ ሥጋ ነው። የደሴቲቱ የመጨረሻ ነዋሪ የነበረችው ማጊ አድለር የተወችው ደብዳቤም በየቦታው ሲገኝ፥ ያ መልእክት በሕይወቷ ሙሉ እንዴት እንዳስጨነቃት ይገልጻል።

የንግግሩ አሠራር ልዩ ነው። ሰው ሲናገር በአሌክስ ራስ ላይ ሦስት መልሶች ብቅ ይላሉ፤ ተጫዋቹ ቶሎ ካልመረጠ ይደበዝዙና ይጠፋሉ። ዝምታም መልስ ሆኖ ይቈጠራል። በመካከል የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይቻላል፤ የተቋረጠውም ሳይሰማ ይቀራል። እንደ ሰው ኑሮ ነው፤ ሳይባል ያለፈው ሁሉ አለፈ። ስለዚህ መጀመሪያ የተጫወተ ሰው ያልሰማው ብዙ ነገር እንዳለ ራሱ ያውቃል።

ነገር ግን የታሪኩ ልብ ሌላ ነው። አሌክስ ማይክል የተባለ ታላቅ ወንድም ነበራት፤ አብረው ሊዋኙ በሄዱበት ቀን ሰምጦ ሞተ። ክላሪሳ የማይክል ወዳጅ ስለ ነበረች፥ በሞቱ አሌክስን ትወቅሳታለች። በደሴቲቱ ጊዜ ሲዛባ አሌክስ ከሞተው ወንድሟ ጋር ወደ ተነጋገረችባቸው ቀኖች ትመለሳለች፤ ማይክልም እንደ ድሮው ምክር ይጠይቃታል። ተጫዋቹ ያን ጊዜ ምን ብላ እንደምትመልስ ይመርጣል። ምክሯ በአንድ መንገድ ከሄደ፥ በፍጻሜው ማይክል በሕይወት ይገኛል። ነገር ግን ወንድሟ ካልሞተ ቤተ ሰቡም እንደ ድሮው ይቈያል፤ ጆናስም ወንድሟ አይሆንም፤ ያን ሌሊት ሙሉ ከጎኗ ያልተለየው ልጅ እንደማያውቃት ይሆናል። በአገራችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይባላል። ይህ ጨዋታ ውሃው ቢታፈስስ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቅና፥ በማሰሮው የነበረው ሌላ ውሃ እንደሚፈስስ ያሳያል።

ፍጻሜውም እንዲህ ነው። ወጣቶቹ ከደሴቲቱ ሲመለሱ አሌክስ የእያንዳንዱን ሰው የኋላ ኑሮ በእርጋታ ትተርካለች። በመካከል ግን የራዲዮው ጩኸት ይሰማና ንግግሯ ይቋረጣል፤ ወዲያውም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ኤድዋርድስ ደሴት ልንሄድ ነው እያለች መናገር ትጀምራለች። አልወጡም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቈይቶ በተጨመረው ክፍል ደግሞ፥ ሁለተኛ የሚጫወት ሰው የሚያገኛት አሌክስ ይህን ሌሊት ከዚህ በፊት ያየችው የሚመስላት አሌክስ ናት። ከመጀመሪያው የተለየ ንግግር አላት፤ በመጨረሻም ወደ ደሴቲቱ እንዳትሄድ የቀድሞዋን ራሷን ለማስጠንቀቅ ዕድል ታገኛለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። እነዚህን ወጣቶች ወደዚያች ደሴት የሚመልሳቸው ማን ነው? የሰመጡት ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን መጀመሪያውን እንደ ገና የሚከፍተው ተጫዋቹ ነው። ሌላ ፍጻሜ ለማየት፥ የተሻለ ቃል ለመናገር፥ የሞተውን ለማስነሣት ያለን ጕጕት የእነርሱ እስር ቤት ይሆናል። ኀዘን የደረሰበት ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። «ያን ቀን ባልሄድን ኖሮ፥ እንዲህ ባልሁት ኖሮ» እያለ ወደዚያች አንዲት ቀን በአሳቡ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቍጥርም ከዚያች ቀን መውጣት ይሳነዋል። ማጊ አድለርም በደብዳቤዋ ያደረገችው ይህንኑ ነው። በጨዋታው የተገኘው መውጫ «አትሂጂ» የሚል ቃል ነው፤ ተጫዋቹ ይህን ከሰማ ለእርሱም የሚነግረው ነገር አለው። ለመመለስ ምክንያት የሚሰጡ ጨዋታዎች ብዙ ናቸው፤ ለመመለስም ለመተውም ምክንያት የሚሰጥ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ መሸሸግ አይገባም። ኦክሰንፍሪ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ አጭር ጨዋታ ነው። በሁለተኛው ዙር የሚሰማው ንግግር በአብዛኛው ያው የቀድሞው ሲሆን፥ የወጣቶቹም አካሄድ ዝግ ያለ ነው። እንቆቅልሹን ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ቢሰለች አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ የአንድን ጨዋታ የመደገም ዋጋ በፍጻሜዎቹ ቍጥር የሚለኩ ሰዎች መለኪያቸው የተሳሳተ ነው እንላለን። አሥር ፍጻሜ ያለው ታሪክ፥ አሥሩም ፍጻሜዎች ሰውየውን የማይነኩት ከሆኑ፥ አሥር ጊዜ የታወቀ እንቆቅልሽ ብቻ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2021 በኔትፍሊክስ ከተገዛ በኋላ፥ በ2023 ራይሊ የምትባል ሌላ ሴት የታሪኩ ባለቤት የሆነችበትን ሁለተኛውን ኦክሰንፍሪ አውጥቷል። ይህም የመጀመሪያው ጨዋታ ያስነሣው ጥያቄ ገና እንዳላለቀ ያመለክታል።

በመጨረሻ ከምድጃው ዳር ወደ ትምህርት ቤቱ እንሻገር። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርታችን ተማሪው መጀመሪያ ንባቡን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ በትርጓሜ ቤት ያንኑ ንባብ መልሶ ይቀጽለዋል። መምህሩም «አንድም» እያሉ ከአንዱ ቃል ሌላ ምሥጢር፥ ከዚያም ሌላ ያወጣሉ። በዚያ ጉባኤ «ይህን ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ» ብሎ የሚሰናበት ተማሪ የለም፤ ማንበቡ የመግቢያ ፈቃዱ ነውና። ያያናቸው የጨዋታ ደራሲዎች ከአርባ ዓመት ድካም በኋላ የደረሱበት አሳብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ምሥጢሩ መልስ ብቻ ከሆነ በመገለጡ ያልቃል፤ ምሥጢሩ ሰው ከሆነ ግን በመገለጡ ይጀምራል። ልብ ወለድ ለመጻፍ፥ ቲያትር ለማዘጋጀት፥ ወይም በኮምፒዩተር የሚነገር ታሪክ ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶቻችን ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት አንድ ነገር ራሳቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው፦ አንባቢዬ ገዳዩን፥ መንፈሱን፥ ፍጻሜውን ሁሉ ካወቀ በኋላ፥ ከእኔ ድርሰት ገና ያልሰማው ምን ይቀረዋል?